የአቶ ገረሱ አውራ ጣት

በ1956 ዓ.ም.፣ መጋቢት ውስጥ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ኮተቤ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ መምህር ሣህሌን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የልጄ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆነ እንተዋወቃለን። ሌላ ጊዜ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፤ ያን ዕለት ግን አጠገቡ ስቆም እንኳ ቀና አላለም። ጣቶቹ በማኅተም ቀለም ተለቅልቀዋል፤ ጉልበቱ ላይ አንድ ፖስታ አስቀምጧል።

«ምነው መምህር፣ ዛሬ ትምህርት የለም?» አልኩት።

«አለ፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የሌለሁት።»

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ መልስ ከሰማሁ እግሬ አይሄድልኝም። የመጣው አውቶቡስ ሲያልፈኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሣህሌ ያደገው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ነው። እናቱ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከጫካው ጭራሮ እየለቀሙ፣ ከተማ ወርደው እየሸጡ አስተማሩት። ያ ተራራ ከባሕር ዛፍ ሌላ ምን ሊያበቅል እንደሚችል ማወቅ የልጅነት ሐሳቡ ነበርና፣ ዩጎዝላቪያ ሄዶ የደን ትምህርት ለመማር ሦስት ዓመት ሙሉ አመለከተ። በመጀመሪያው ዓመት አለቃው «የሚተካህ የለም» ብለው አልለቀቁትም። በሁለተኛው ለጤና ምርመራ የተነሣው የደረቱ ራጅ የገባበት ጠፋ። ዘንድሮ ተመረጠ። የቀረው ዋስ ብቻ ነው፤ ተምሮ ሳይመለስ ቢቀር መሬቱ የሚያዝበት ሰው። የእናቱ ጎጆ ያለችው በደብሩ መሬት ላይ ስለሆነ ለዋስትና አትሆንም። ወረቀቱ የሚገባበት የመጨረሻ ጊዜ ያን ዕለት ስድስት ሰዓት ነበር። ለከርሞ እንዳይል፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አይቀበሉም፤ እሱ ዘንድሮ ሠላሳ ሞልቶታል።

ዋስ ልሁንህ ያሉት የካራው ገበሬ አቶ ገረሱ ናቸው። ልጃቸው ፉፋ የሣህሌ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ክረምት ክረምት ጎርፉ ሲያግደው ሣህሌ እነሱ ቤት ያድር ነበር። ፉፋ ኋላ ወታደር ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ» አለኝ። «አጥሩ ጋ ስደርስ ወንድማቸው አቶ በዳዳ ክንዴን ያዙኝ። ‹ፉፋ ሞቷል። ዘመድ እስኪሰበሰብ ብለን ነው ያልነገርናቸው፤ መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። ከገባህ ፊትህን ጠብቅ› አሉኝ። ለካ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የማያውቁት አባትየው ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ ገባህ?»

«መመለስ ነበረብኝ። የዛሬው ስድስት ሰዓት እንዳያልፍብኝ ብዬ ገባሁ። እሳቸው ሲያዩኝ ደስታቸው! ‹እንኳን መጣህ፤ በል የወንድምህን ደብዳቤ አንብብልኝ› አሉ። በጥር የጻፈውን ነው፤ እኔው ስንት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ። ከትራሳቸው ሥር አወጡት። አነበብኩ፣ ጋሼ። ‹ለፋሲካ እመጣለሁ፤ በሬውን እንዳይሸጡት› ይላል። ‹አንተ ልጅ፣ ምን ያንሾካሹክሃል? እንደ አስተማሪ አንብበው እንጂ!› አሉኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው።»

እንባውን በጣቱ ጠረገ፤ ቀለሙ ጉንጩ ላይ ቀረ።

«የወረቀቱን ነገር ያነሡት እሳቸው ናቸው። ‹ያ ነገርስ? ብትቀር መሬቱን ይወስዱታል አይደል?› አሉ። አዎ አልኩ። ‹መሬቱ የፉፋ ነው፤ ከቀረህ ከሱ ጋር ይዋጣላችሁ፤ እኔ የለሁበትም!› ብለው ሳቁ። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለም ቀባሁት። ‹አንድ ቀን እንኳ ጠላ ሳታጠጣኝ ጣቴን ቀለም አጠጣኸው› አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቄ ነው እስካሁን ከሆዴ ያልወጣልኝ።»

ቤቱ አልጋው ላይ ሲገላበጥ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ካራ ተነሣ። እዚህ ድንጋይ ጋ ሲደርስ እግሩ ቆመ። ወደ ከተማም አልሄድ፣ ወደ ለቅሶውም አልሄድ አለው።

ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ተኩል ሆኗል።

«እኔ ወደ ከተማ ነኝ፤ ፖስታውን ስጠኝ፣ በስምህ አስገባልሃለሁ» አልኩት። «አንተ ለቅሶህን ድረስ። መርዶ እስኪነገር ዝም ማለት ያለ ነው፤ ያንተ ብቻ ነውር የሆነው በምኑ ነው? መርዶውን ሰምተው ቢጠየቁስ እሺ ማለታቸው ይቀራል?»

«ይሉ ይሆናል» አለ። «አልጠየቅኋቸውማ።»

እንዲህም እያለ ፖስታውን ዘረጋልኝ። ያዝኩት፤ እሱ ግን አለቀቀውም። ጫፍና ጫፉን እንደያዝን አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ «አባባ፣ ይገባሉ ወይስ ይተዋሉ?» እያለ በሩን ደበደበ። ያን ጊዜ ሣህሌ ፖስታውን ቀስ ብሎ ከእጄ ሳበና ኮቱ ውስጥ ከተተው። ተነሥቶ ፊቱን ወደ ካራ አዞረ።

«ኧረ ስማ! የሦስት ዓመት ልፋትህ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ አንድ እግሬን አውቶቡሱ ላይ እንዳደረግሁ።

«ለሳቸው መልሼ እሰጣቸዋለሁ፣ ጋሼ» አለኝ ዞር ብሎ። «ትናንት ሁሉም ዝም ብለዋል። ወረቀት ይዤ የገባሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።»