ይማም ያነበበልኝ የውሃ ቀን

ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ከሚሴ አስፋልቱ ዳር፣ ይማም ሱቅ በር ላይ ቆሜ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም...

ይማም የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ጨፋ ላይ በሬ ጠምጄ ስምንት ልጅ አሳድጌያለሁ። ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራው እኔን ነው። ወረቀት ሲመጣ ግን ይማም ያነብልኛል። የመሬት ደብተሬን ያነበበልኝ እሱ ነው። ልጄ ከጂዳ የጻፈልኝንም ያነበበልኝ እሱ ነው። ዓይኔ ነው እያልኩ ለሰው እናገር ነበር።

የልጆቼ እናት ፋጡማ ታማ ደሴ ሆስፒታል ከርማ ወጣች። ሐኪሙ «ለአንድ ወር የታሸገ ውሃ ብቻ ትጠጣ» አለኝ። ቀጥ ብዬ ይማም ጋ ሄጄ ነገርኩት። በሩ ላይ ፀሐይ ከሚመታው ክምር አንድ እሽግ አነሳልኝ።

ማንበብ ባልችል መጠየቅ አያቅተኝም። የታሸገ ነገር ሁሉ ቀን እንዳለው በራዲዮ ሰምቻለሁ።

«ይማም፣ ቀኑ እስከ ስንት ይላል?»

መነጽሩን አደረገ፣ ጠርሙሱን አዟዟረ... «ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት» አለኝ።

ያለነው ሁለት ሺህ አምስት ላይ ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። «ሰባት ዓመት ይቀረዋል?»

«አብሽር ሰይዶ፣ ካንተና ከኔ ይቆያል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ፋጡማ ሁለተኛውን ጠርሙስ ስትጀምር «ይሄ ውሃ የጀሪካን ሽታ አለው» አለችኝ። ተቆጣኋት። «ሰባት ዓመት የሚቀረው ውሃ ምን ይሸታል? የሸተተሽ መድኃኒቱ ነው» አልኳት። እሺ ብላ ጠጣች... እሱን ሳስብ ነው ይበልጥ የሚከፋኝ።

እሁድ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ዘይነባ ልትጠይቃት መጣች። ጠርሙሱን አንስታ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ቀኑ አልፎበታል።»

«ሰባት ዓመት ይቀረዋል» አልኳት።

«የተጻፈው በፈረንጅ ዘመን ነው። በኛ ግንቦት ሁለት ሺህ አራት ላይ ነው ያለቀው። ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው?»

በእስላሙ ዘመን ረመዳንን እቆጥራለሁ፣ በሀበሻው መኸርን። ሦስተኛ ዘመን ፕላስቲክ ላይ ታትሞ ቤቴ ይገባል ብዬ አላሰብኩም። ቢሆንም አልተሸነፍኩላትም።

«ልጄ፣ ውሃ እንዴት ቀን ያልፍበታል? ቦርከና ወንዝ ስንት ዘመኑ ነው?»

«ቦርከና ፕላስቲክ ውስጥ አልታሸገም፣ አባባ። ቀኑ ለውሃው አይደለም፣ ለዕቃው ነው። ፕላስቲኩ ሲቆይ፣ ይልቁንም እንዲህ እንደኛ አገር ፀሐይ ሲያገኘው፣ ሽታውም ጣዕሙም ወደ ውሃው ይገባል።»

ጠርሙሷን ከእጇ ተቀብዬ አስቀመጥኳት።

ያኔም ይማምን አልጠረጠርኩትም፣ ወላሂ። እሱም እንደኔ ተሸውዷል፣ ሳያውቅ ለሌላ በሽተኛ እንዳይሸጥ ልንገረው ብዬ ነው ሰኞ ማልጄ ጠርሙሷን ይዤ የወጣሁት። እንዲያውም አዝኜለት ነበር።

ሱቁ በር ስደርስ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ከዚያው ክምር ውሃ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ይማም ከውስጥ ሆኖ፣ እኔን ሳያየኝ...

«እሱን ተወው ወንድሜ፣ ቀኑ ያለፈበት ነው። ከፍሪጁ ልስጥህ።»

ይማም ቀና ሲል አየኝ። ሾፌሩ ከፍሪጁ ውሃ ተቀብሎ ሄደ።

«ሰይዶ... አካም ጅርታ?» አለኝ ኋላ። ሰላምታውን አልመለስኩለትም።

«ዱጉማ ይማም? እውነት እያወቅህ ነው?»

«ውሃ እኮ ነው፣ መርዝ አይደለም...»

«ለማን እንደሆነ ነግሬህ ነበር።»

ጠርሙሷን ከእጄ ሊቀበለኝ ሞከረ፤ አልሰጠሁትም። ያን ጊዜ ነው የተናደደው። ሰው ጥፋቱ ሲያዝ እንደሚናደደው።

«ሾፌሩ ያነባል። መንገድ ላይ አይቶት ተመልሶ ይሰድበኛል። ላንተ ግን ማን ያነብልሃል? እኔው አይደለሁ?»

ሰምታችሁታል? እንዲህ ነው ያለኝ።

ከዚያ «አፉ በለኝ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። በኛ አገር አፉ በለኝ የተባለ ሰው አፉ ብሎ ይቅር ይላል። በዚህች ቃል ስንት ደመኛ አስታርቄያለሁ። እኔ ግን ቃሏ ከአፌ አልወጣ አለችኝ። ጠርሙሷን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬለት ሄድኩ።

ፋጡማ ደህና ናት፣ አልሀምዱሊላህ። ውሃዋን አፍልቼ አቀዘቅዝላታለሁ። ያልተሻለኝ እኔ ነኝ። የመሬት ደብተሬን ከሣጥን አውጥቼ አየዋለሁ... ያ ሁሉ መስመር ይማም እንዳለኝ ነው? ልጄስ «ናፍቃችሁኛል» ብሎ መጻፉ እውነት ነው?

ይሄንን የምትጽፍልኝ ከኮምቦልቻ ለእረፍት የመጣች የልጄ ልጅ ናት። ስትጨርስ ታነብልኛለች። እሷን ወደ ጓዳ አስገብቼ ደግሞ ጎረቤቴን አስነብበዋለሁ... እንደ ምስክር፣ ለየብቻ።