የእማዋይሽ የእርሻ እንግሊዝኛ

ሚስቴ እማዋይሽ እንግሊዝኛ የተማረችው ላም ከሚያረቡ አንዲት ባልቴት ነው። ከምንኖርባት ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ፣ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት እየነዳች፣ እርሻ መሀል ብቻቸውን የሚኖሩትን እኚህን ሚስ ኖርማ የሚባሉ አሮጊት ስትንከባከብ ሰባት ዓመት ሆናት። አሮጊቷ ሲናገሩ ቃሉን ይጎትቱታል። «ላደርግ ነው» ለማለት «ፊክሲን ቱ»፣ «እዚያ ማዶ» ለማለት «ያንደር» ይላሉ። እሷም እንደዚያው ሆነች። ስልክ ስታነሳ ብትሰሟት አጥር ተደግፋ የምታወራ የቴክሳስ ገበሬ ትመስላችኋለች።

እኔ ባርናባስ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ሹፌር ነኝ። ከመላው ዓለም ሰው ጋር አወራለሁ፤ በእንግሊዝኛ አልታማም። የዜግነት ኢንተርቪው ሲደርሳት ማንም ሳይሾመኝ አስተማሪ ሆንኩ።

«ይሄን የላም እንግሊዝኛ ኦፊሰሩ ፊት እንዳታወጪው» አልኳት። ወር ሙሉ አፏን በከፈተች ቁጥር አረምኳት።

ቀኑ ደርሶ ገባች። ሰውየው ሲጠይቃት እያንዳንዱን ቃል በልቧ ስታርም ጊዜው አለቀ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እዚያ ቢሮ ግን ነቀዘ። የአሜሪካን ታሪክ ከእኔ በላይ የምታውቅ ሴት የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተናውን ወደቀች። አንድ ዕድል ብቻ ቀራት፤ እሱንም ከወደቀች ማመልከቻው ውድቅ ሆኖ ሁሉም ከሀ ይጀመራል።

ሁለተኛው ቀጠሮ እስኪደርስ ሁለት ወር ጠበቅን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መናገሩ ግን ሞት ሆነብኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ መኪና ውስጥ «ትንሽ እንከልስ?» አልኳት።

«ተወኝ ባርናባስ። ለሚስ ኖርማ እንደማወራው ነው የማወራው። ከወደቅኩም በራሴ አፍ ልውደቅ።»

ፓርክ አድርጌ ጠበቅኳት። አርባ ደቂቃ ሙሉ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ። ከዚያ በሩ ተከፈተና እየሳቀች መጣች።

«አለፍኩ» አለች። «ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ ስለ ሚስ ኖርማ ጀመርኩለት። ማለቴ፣ ማቆም አቃተኝ። ስለ ላሞቹ ሁሉ ነገርኩት።»

እፎይ አልኩ። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም። ሁለት ወር የደበቅኩትም ነገር አብሮ ወጣ።

«ባለፈው የጣልኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች ቀበቶዋን እያሰረች። «አሁን ንዳ፤ ሚስ ኖርማ ማለፌን ሳይሰሙ ምሳ አይበሉም።»