በለጠች ያላለቀሰችው ልቅሶ

የደባርቋ በለጠች «ልጅሽ ሞተ» ሲሏት አላለቅስም ያለች ሴት ናት። ሰው ሐሜቷን ያወራል እንጂ ነገሩ ከሥሩ ሲሰማ ሌላ ነው።

በለጠች ባሏን ቀብራ፣ አንድ ልጇን ያርጋልን ይዛ፣ ለትምህርት ቤቱ ህንዳዊ መምህር ምግብ እየሠራች ትኖር ነበር። ሚስተር ራማን ሥጋ አይቀምስም፤ እንቁላል ሲያይ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ፋሲካ ደርሶ አገሩ ሁሉ ሲያርድ ሰውዬው ያው ሽሮውን! ሁለት ዓመት አየችውና «ይኼማ መነኩሴ ነው፤ ተሸሽጎ ነው እንጂ» ብላ ቆረጠች። ማን ይፍረድባት? ዓመቱን ሙሉ የሚፆም ሌላ ማን አለ? «አባቴ» ትለው ጀመር።

በሶማሌ ጦርነት ያርጋል ሚሊሺያ ሆኖ ዘመተና ወሬው ጠፋ። ቤቱ ጭር አለባት፤ የምትቆጣው ሰው እንኳ አጣች። አንድ ቀን ምሳውን አቅርባ ቆመችና፣ «አባቴ፣ ከእርስዎ የሚሰወር የለም። ልጄ አለ?» አለችው።

ራማን ደነገጠ፤ አሳዘነችው። በተሰባበረ አማርኛው ከአያቱ የተማረውን ነገራት። «እማማ፣ በሰው ውስጥ የሚያይ አለ። ሐሳብ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እሱ ያያል። ሥጋ ያረጃል፤ እሱ ያያል። አልተወለደም፣ አይሞትም። በያርጋል ያለው፣ በእርስዎ ያለው፣ በሰማይ ያለው አንድ ነው። በአገሬ ፑሩሻ ይባላል።»

ከዚህ ሁሉ በለጠች የያዘችው «አይሞትም» የምትለዋን ብቻ ነው።

በጥቅምት ቀበሌው አስጠርቶ ያርጋል ለእናት አገሩ መሰዋቱን ነገራት። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ምን ሆናችኋል? ልጄ አለ! መነኩሴው ነግሮኛል» ብላ መለሰችው። የነፍስ አባቷ ቄስ ሀብተ ሚካኤል፣ «ፍትሐቱ ይድረስለት በለጠች፤ ተዝካሩን አውጪለት። ልጅሽን ያለ ጸሎት አታስቀሪው» ብለው ለመኗት። እንቢ አለች። ላልተለቀሰ ሞት ማን ይመጣል? ደጇን የሚረግጥ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ተቀምጣ መንገዱን ታያለች።

አርባው ሲቃረብ ቄሱ ራማን ዘንድ ሄደው «ምን ብለዋት ነው?» አሉት። ሰውዬው ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ፤ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባ።

«እማማ፣ እኔ መነኩሴ አይደለሁም። ስለ ያርጋል ምንም አላውቅም።»

«የሚያየው አይሞትም አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ እሱ እኔን ያውቀኛል? ሲመጣ እማዬ ይለኛል?»

መዋሸት ቀላል ነበር። ራማን ግን አንገቱን ደፋ። «አይልም። እሱ እናት የለውም፤ ስምም የለውም።»

በለጠች ማማሰያዋን አስቀመጠች።

«እንግዲያው የኔ አይደለም» አለች። «የኔው እናት አለው። ወጥ ጨው ሲበዛበት የሚያኮርፈው፣ ተኝቶ ጥርሱን የሚያፋጨው፣ እሱ ነው የኔ።» ከዚያ ወገቧን ይዛ ጮኸች። «ወየው ልጄን! ያርጋልዬ! ወየው!»

የተቀየመው ጎረቤት ሁሉ ቂሙን ረስቶ እየሮጠ መጣ። ራማንም ከሴቶቹ መሃል መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ማንም ተነሥ አላለውም።

ልቅሶው ጋብ ሲል ቄስ ሀብተ ሚካኤል ተጠጓት፤ ለጸሎቱ የክርስትና ስሙን ጠየቋት።

«ገብረ ክርስቶስ» አለች። አባቱም የክርስትና አባቱም ከሞቱ ወዲህ ያንን ስም የሚያውቅ ከእሷ በቀር በዓለም ላይ ማንም አልነበረም።