የአለቃ ቢጫ ቀለም

ወሰንየለሽ ከዘመሮ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የበግ ፀጉር እየፈተለች ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ አለቃ መልከ ጼዴቅ ከመንዝ እስከ ግሼ ስማቸው የተጠራ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ሆዳቸውን እያመማቸው፣ እያስታወካቸው፣ መንምነው ሞቱ። በቀብራቸው ዕለት የወንድማቸው ልጅ ይሥሐቅ ሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ «አጎቴን መርዝ ያበላቻቸው እሷ ናት» አለ። ፖሊስ መርምሮ ምንም ባያገኝም ከዚያ ወዲህ ማንም ከእጇ እህል ውኃ ቀምሶ አያውቅም።

ዘንድሮ በመስከረም ይሥሐቅ ራሱ ታመመ። የአጎቱን ብሩሽና ቀለም ወርሶ ይሥል ነበር። መዳፉ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል፣ እግሩ ደንዝዟል ሲሉ ስትሰማ ክው አለች። የአለቃም መዳፍ እንዲሁ ነበር።

ሄደች። ሚስቱ ጌታነሽ በሩ ላይ ቆመችባት።

«እሱንም ልትጨርሺው ነው?» አንቱታውን ትታዋለች።

«ምንም አልነካም። እዚሁ ደጃፍ ሆኜ አንድ ነገር ልጠይቀው።» ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ይሥሐቅ፣ የብሩሹን ጫፍ በምላስህ ነው የምታሾለው?»

«አጎቴ እንዳስተማሩኝ ነዋ» አለ ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ።

«ቢጫውንም?»

«እሱንም» አለ። ቢጫው አለቃ በቀንድ ያስቀመጡት፣ ከድንጋይ የተፈጨ የቆየ ዱቄት ነው።

«ዱቄቱን ይዘን ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«መንገድ ላይ ቢሞትስ?» አለች ጌታነሽ።

«ያን ጊዜ ለፖሊስ ስጪኝ።»

መኪናው ውስጥ ይሥሐቅን ሲያስታውከው ተሳፋሪው ሁሉ የሚያየው እሷን ነበር። መሐል ሜዳ ሲደርሱ ሐኪሙ ሽንቱንና ዱቄቱን ለምርመራ አዲስ አበባ ላከ። ውጤቱ በተጠበቀባቸው ሦስት ሳምንታት «ደገመችው» የሚለው ወሬ ሞላሌ ደረሰ። አንድ ጠዋት በሯ በድንጋይ ተደፍኖ አገኘችው። አልሸሸችም፤ መንገደኛ እያስቆመች ይሥሐቅ ማደሩን ብቻ ትጠይቅ ነበር።

ዱቄቱም ሽንቱም አርሴኒክ የሚባል መርዝ ተገኘበት።

«በየአገሩ ስመ ጥር ሰው በዚህ መርዝ ሲሞት ስንት አብሳይ፣ ስንት ሚስት ተጠርጥራለች» አላት ሐኪሙ፣ ውጤቱን ልትሰማ መሐል ሜዳ ስትሄድ።

«ባሌስ?»

«ሳልመረምራቸው እንዲህ ነው ልልዎት አልችልም። ምልክቱ ግን ያው ነው።»

ይሥሐቅ ተረፈ፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ግን ሥዕሉን ተወ። ለጥምቀት በምርኩዝ ቆሞ በደሉን በሕዝቡ ፊት ተናገረና እግሯ ላይ ወደቀ። አነሣችው፤ ይቅርታው ግን ከአፏ አልወጣም። ሁለት ሱባኤ ፈጀባት። ከዚያ ጌታነሽን ገበያ ላይ ስታገኛት፣ «ለይሥሐቅ ትቼለታለሁ በዪው» አለቻት። «ላንቺ ግን ገና ነው።»