ባዶው ማሽን

ሰርግ ላይ የጭፈራ ሙዚቃ የምጫወትበትን የኤሌክትሮኒክ ማሽን ስመርጥ ሁለት ቀረቡልኝ። አንደኛው በፈረንጅ ምት የታጨቀ ነው፤ አንዱም የጎጃምን ትከሻ አያነቃንቅም። ሌላው ባዶ ነው፤ የሰጡትን ይቀዳል። ባዶውን ወሰድኩ።

ከዚያ ለዓመታት አብረውኝ የሠሩትን ሽማግሌ ከበሮ መቺ ጠርቼ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ይምቱልኝ" አልኳቸው። ልምምድ መስሏቸው ላብ እስኪያጠምቃቸው መቱ። እኔ እቀዳ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልጠራኋቸውም። ማሽን አያረፍድ፣ ጠላ አይጠይቅ።

ደብረ ማርቆስ አንድ ሰርግ ላይ ሽማግሌው ተጋብዘው መጡና ከፊቴ ተቀመጡ። ማሽኑን ስከፍተው ድንኳኑ በሙሉ ለእስክስታ ተነሣ።

አጠገባቸው ያለች ሴት፣ "ጋሼ፣ ዛሬ አይመቱም እንዴ?" አለቻቸው።

"እየመታሁ ነው" አሉ፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንደተቀመጠ።

ሰማኋቸው። ድምፁን ጨመርኩት።