ሎሚ ጀምሪ

ፍረወይኒ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ሹሩባ ሠሪ ናት። የኤርትራ ነፃነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት ባሏን ኣስገዶምን ተከትላ አስመራ ስትገባ፣ ይዛው የመጣችው ሀብት አሥር ጣቶቿን ነበር። ጎዳይፍ በሚባለው ሰፈር ገና ዓመት ሳትቆይ ሙሽራ ሁሉ እሷ ካልሠራችኝ ይል ጀመር። ትግርኛዋ ግን ሰላምታውን አሳምሮ ይጀምርና መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። «የአዲስ አበባ ልጅ» ሲሏት ደሟ ስለሚፈላ፣ ያልገባትን ሁሉ «ሕራይ» ብላ ማለፍ ለመደች። ሕራይ እሺ ማለት ነው፤ በእሷ አፍ ግን «ምን እንዳልሽኝ እንጃ» ማለት ነበር።

መጀመሪያ በጠዋቱ ብርድ ጣቶቿ ኖራ የነካቸው ይመስል ይነጡ ጀመር። ከዚያ አበጡ፤ ከዚያ ቆዳቸው እየተወጠረ ጠነከረና ጸጉር መፈልቀቅ አቃታት። ጎረቤት መቼም ሁሉም ሐኪም ነው፤ አንዷ ቁርጥማት፣ ሌላዋ የሰው ዓይን ነው አለቻት። በሞቀ የጨው ውሃ ነከረች፣ በቅቤ ታሸች፣ ጸበል ተጠመቀች፣ መርፌ ተወጋች። ጣቶቿ ግን ጫፋቸው እየቆሰለ ወደ መዳፏ መታጠፍ ያዙ። «እጄን ካጣሁ እዚህ አገር ማን ነኝ?» እያለች ታለቅስ ነበር።

ኣስገዶም ከትግል ሜዳ የተመለሰ ዶክተር ሊባኖስ የሚባል ሐኪም አጠያይቆ አገኘላት። እሱን ከሚሠራበት ጋራዥ ስላለቀቁት ብቻዋን ሄደች። ዶክተሩ ቆዳዋን ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጎ አየ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ በትግርኛም ብዙ አስረዳት። በሽታው ስክሌሮደርማ እንደሚባል፣ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው፣ የሚያዘገይ ግን እንዳለ ገባት። ከዚያ ክኒን የሞላ ፖስታ ሰጣትና፦

«ሎሚ ጀምሪ። እቲ ከኒና ንክልተ ወርሒ እዩ» አላት።

«ሕራይ፣ ዶክተር።»

እሷ የሰማችው፣ መጀመሪያ ሎሚ፣ ክኒኑ ከሁለት ወር በኋላ የሚል ነው። ፖስታውን ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ጠዋት ማታ ሎሚ ጨምቃ ጠጣች፣ የተረፈውን በቆሰሉ ጣቶቿ ላይ አሸች። ደረቷ እሳት ሆነ፤ ቁስሉ ያስጮሃት ነበር። መድኃኒት ይመራል እያለች ቻለችው። በእነዚያ ሁለት ወራት የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀሩ።

በቀጠሮዋ ቀን ፖስታውን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «ሎሚው አልቋል፣ ዶክተር» አለችው፣ በኩራት።

ዶክተሩ ፖስታውን አየ፣ የቆሰሉትን ጣቶች አየ። ድንገት በጠራ አማርኛ፣ «ሎሚ በትግርኛ ዛሬ ማለት ነው፣ እናቴ። ዛሬ ጀምሪ፣ ክኒኑ የሁለት ወር ነው ያልኩሽ» አላት።

ፍረወይኒ ክው አለች። «አማርኛ ይችላሉ እንዴ?»

«አዲስ አበባ ነው የተማርኩት። ሜዳ ከገባሁ ወዲህ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም» አለና አንገቱን ደፋ። «አንቺስ ምነው አልገባኝም አላልሽ?»

«አፈርኩ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ የደበቀችው አለማወቋን፣ እሱ የደበቀው ማወቁን ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ጣቶቿ ናቸው። ታሪኳን በሰማሁ ቁጥር ይህ ያናድደኛል።

«የሄደው አይመለስም» አላት ዶክተሩ። «የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን።» ጣቶቿ ከመዳፏ ምን ያህል እንደሚርቁ በማስመሪያ ለክቶ ጻፈ። ክኒኑን እዚያው፣ ፊቱ ዋጠች።

ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው ሽንቷ ተመረመረ፣ ደም ግፊቷ ተለካ። አንዳንዱን ወር ልኩ ትንሽ ይቀንስና ቤቷ እስክትደርስ ታለቅሳለች። በስምንተኛው ወር ዶክተሩ ማስመሪያውን አነሣ፣ ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«ያው ነው። ካለፈውም፣ ካለፈው በፊት ከነበረውም ያው ነው። መድኃኒቱ ይሥራ በሽታው ራሱ ይረፍ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።»

ፍረወይኒ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ከበቧት፤ «ሓዊኺ ዲኺ?» አሏት፣ ድነሽ ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«አልዳንኩም» አለች በአማርኛ፣ እንባዋን በታጠፈ እጇ እየጠረገች። «አልባሰብኝም!»

ሴቶቹ እጇን አዩና እንኳን ደስ አለሽ ይበሏት ወይ ያጽናኗት ግራ ገባቸው።