በለንደኑ ሰውዬ እጅ

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ለሐሙስ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ተቀጥሮላት “አልገባም” አለች። ታናሽ ወንድማችን ከመሥሪያ ቤቱ በኮምፒዩተር የላከው መልእክት አጭር ነበር፦ “አንቺ ግቢ ካልሻት ትገባለች። ትንፋሿ እያጠረ ነው።” ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሰው ምክር አትሰማም፤ የእኔን ግን ትሰማለች።

ስልኩ ሁለት ቀን ሙሉ አልያዝ አለኝ። ማክሰኞ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ አየር ማረፊያ ከማጸዳበት ሥራ እንደወጣሁ፣ ልጄ ወደምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ካልጋሪ ከምናውቃቸው ሰዎች ኢሜይል ያላት እሷ ብቻ ነበረች።

“ግቢ፤ እኔ ነኝ ያልኩሽ” ብዬ አስጻፍኳት። ሻያችንን ሳንጨርስ መልእክቱ ተመለሰ።

“ማሚ፣ ባውንስ አደረገ።”

የወንድሜ አድራሻ የአዲስ አበባውን መሥሪያ ቤትና ደብዳቤውን ተቀብሎ የሚያሳልፍለትን የለንደን ማሽን አንድ ላይ ይዟል። በመካከሉ ቃለ አጋኖም፣ ያ የተጠቀለለው የኢሜይል ምልክትም (@) አለበት። ልጄ እንዳስረዳችኝ አንዱ ማሽን ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ጀምሮ ያነበዋል። ከቀኝ ሲነበብ ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። መንገድ ላይ ያለ አንድ ማሽን ግን ከግራ ጀምሮ መሥሪያ ቤቱን በቀጥታ ይፈልጋል፤ ሲያጣው ይመልሰዋል። ሦስት ጊዜ መለሰብን።

“የለንደኑ ማሽን ሰው የለውም?” አልኳት።

“ፖስትማስተር አለው። ፕሮብሌም ሲኖር ይጻፍለታል።”

“ታዲያ ከማሽን ጋር ምን ያጨቃጭቀናል? ለእሱ ላኪው፤ እሱ ያድርስልን።”

እኛ ደብዳቤ የምንልከው በሰው እጅ ነው። ፖስታ ውስጥ ፖስታ እንከታለን፤ የላዩ ለሚያደርሰው ሰው፣ የውስጡ ለባለቤቱ።

“መጀመሪያ ጤናውን ጠይቂው።”

“ማሚ፣ ኖ! አናውቀውም እኮ።”

“ስለማናውቀው ነዋ። ባለቤቱንም ጨምሪ።”

“ሚስት ባይኖረውስ?”

“ይነግረናል።”

እየተነጫነጨች ጻፈች።

ረቡዕ ጠዋት መልስ መጣ። መልእክቱን አሳልፏል። እሱ ደኅና ነው፤ ባለቤቱ ግን ደረጃ ላይ ወድቃ እጇን ተሰብራለች። ማሽኑን ሲጠብቅ ስለ ጤናው የጠየቀው ሰው እንዳልነበረም ጽፏል። ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሐሙስ ሙሉ ቀን አንድ ኮሪደር ደጋግሜ ሳጸዳ ዋልኩ። ዓርብ ወንድሜ ጻፈ፦ “ገባች፣ ወጣች፣ ሾርባ ጠጣች።”

ለካ የለንደኑ ሰውዬ የእኛን ሰላምታና የራሱን መልስ አብሮ ልኮለት ኖሯል፤ ወንድሜም ሁሉንም አልጋዋ አጠገብ አንብቦላታል። እንዳትናገር ስለተከለከለች በወረቀት ጽፋ ሰጠችው፤ እሱም ቃሏን እንዳለ ገልብጦልኛል፦

“የሰውየው ሚስት እጇ ተሻላት?”

ልጄ ሳልነግራት ወደ ለንደን መጻፍ ጀመረች።